የጠቅላይ ዳኛው ሾፌር

እኛ በተማርንበት የንባብ መጽሐፍ የአገሩ ትልቅ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር። ሥዕሉ ላይ ካባ ደርቦ ተቀምጧል፤ ፊቱ ተቆጪ ነው። ዛሬ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይሉታል። ቡራዩ ሰፈራችን ውስጥ ግን አሮጌው ስም አልጠፋም፤ ከዚያው መጽሐፍ አብሮኝ ለተማረው ለሽመክት ወጥቶለታል። ሽመክት የፕሬዚዳንቱ ሾፌር ነው።

ማታ ደክሞት ሲገባ ባለሱቁ ጋሮማ ገና ከሩቅ ይጀምረዋል።

«አፈ ንጉሥ መጡ! ኦቦ ሽመክት፣ አካም ኦልተን፣ እንዴት ዋሉ? ዛሬስ በማን ላይ ፈረዳችሁ?»

«በኋላ ጎማ ላይ። ይቀየር ብለናል።»

ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። ሥራ የጀመረ ዕለት ፕሬዚዳንቱ፣ «መኪና ውስጥ ስለ መዝገብ አይወራም፤ እኔም አላወራ፣ አንተም አትጠይቅ» ብለውታል። ስለዚህ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም ይጫወታሉ። ክረምት ሲገባ «የገፈርሳ ግድብ ሞላ ወይ?» ይሉታል፤ «እየሞላ ነው ጌታዬ» ይላል።

ይህ ዝምታ የከበደው የእኅቱ የደስታነሽ ክርክር ሰበር ችሎት የደረሰ ጊዜ ነው። ሰበታ ልጆቿን ያሳደገችበትን ቤት አንድ ሰው የእኔ ነው ብሎ ከሥር ፍርድ ቤት ጀምሮ ሲረታት ኖሯል። ከሰበር ወዲያ የሚኬድበት የለም። ችሎቱን የሚመሩት ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ናቸው።

እሑድ እኔም ባለሁበት መጣችበት።

«አንተ፣ ጠዋት ማታ የምታመላልሰው ሰውዬ ነው። አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ትሆናለህ?»

«አይሆንም፣ ደስታ።»

«እኔ ከነዕቃዬ መንገድ ላይ ስወጣ ይሆንልሃላ?»

ራሱን ነቀነቀ። ማስረዳቱም ታከተው።

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ኋላ እንደ ነገረኝ፣ ከፕሬዚዳንቱ ጋር መንገድ ተዘጋግቶባቸው ቆመዋል። «ምነው ሽመክት፣ ሰሞኑን ፊትህ ጠቆረብኝ፤ አሞሃል?» አሉት። ቢቆጡት ይችለው ነበር፤ ማዘናቸው አሸነፈው።

«ጌታዬ፣ ነገ የሚቀርበው የሰበታው ቤት... ባለጉዳይዋ እኅቴ ናት። እውነት አላት።»

ፕሬዚዳንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት። መኪናው ተንቀሳቅሶ ደግሞ ቆመ።

«ምነው ባልነገርከኝ» አሉት።

በማግስቱ ደስታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ችሎት ገባች። የመሃሉ ወንበር ባዶ ነበር። ፕሬዚዳንቱ የሾፌራቸው እኅት ጉዳይ መሆኑን ስላወቁ ከመዝገቡ ተነሥተዋል፤ ችሎቱ አልተሟላም ተባለ፤ መዝገቡም ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ ተቀጠረ። ለዚያ ቀን ብላ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ዕቃ እንደ ታሰረ ሊከርም ነው።

ከግቢው ውጭ ሽመክትን መኪናውን ተደግፎ ቆሞ አገኘችው።

«ዛሬ ያልቅልኝ ነበር» አለችው። ኋላ ደግሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አፌን በቆረጠው። እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩህ።»

«እኔ ነኝ የለፈለፍኩት» አላት።

ወደ ሰበታ የሚሄደው ታክሲ ድረስ ሸኛትና ተመልሶ ፕሬዚዳንቱን ወደ ቤታቸው አደረሰ። በዚያ ሁሉ መንገድ ስለ ዝናብም አላወሩም።

ማታ እኔና ጋሮማ ሱቁ በር ላይ ቆመናል። ጋሮማ ምንም የሰማው ነገር የለም።

«አፈ ንጉሥ! ዛሬስ በማን ላይ ፈረዳችሁ?»

ሽመክት ዳቦውን ተቀብሎ በብብቱ ያዘ።

«ዛሬማ» አለ፣ «ተቀጥሯል።»