ሰርገኛ የሚጭነው ሻንሲ

«ያንን መፋቂያ አስቀምጥ ብያለሁ!» አሉ አጎቴ።

አላስቀመጥኩም። ከመኪናዋ ሻንሲ ግራ ጎን የመዳፍ ስፋት ያህል ጥቁር ቀለም ልጬ ጥያለሁ፤ ከሥሩ ዝገቱ እንደነበረ አለ።

«ቀለሙ ገና አልደረቀም እኮ፣ አንተ! ትናንት ነው የቀባሁት!»

«ስላልደረቀ ነው የምቸኩለው። ከደረቀማ ይብስብኛል» አልኳቸው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። መኪናዋም የእሳቸው ናት፤ ዕድሜዋን ሁሉ በጋይንት መንገድ ለከብት የሚሆን ጨው ስታመላልስ የኖረች አሮጌ ፒክአፕ። ከተበላሸች ወዲህ እኛ ግቢ ቆማ ሣር በቅሎባት ነበር። ጥቅምት ላይ «አንተ ካስነሳሃት ሹፌሯ አንተ ነህ፤ በገሳይ መስመር ትሠራባታለህ» አሉኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ፣ መሪ የሚያስጨብጠኝ አጥቼ ነበርና ቃላቸውን እንደ ማተብ አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ጎረቤት ተጠርቶ ቦዲዋን አነሳን፤ ሻንሲው ብቻውን አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ቀረ። በሽቦ ብሩሽ እፍቃለሁ፣ በመዶሻ እያንኳኳሁ አዳምጣለሁ፣ ድምፁ የሞተብኝ ቦታ ላይ በጠመኔ መስቀል አደርጋለሁ። አምስት መስቀል ሆነ። አራቱ ቀላል ነበሩ። አምስተኛው ከኋላ ነው፣ ጭነቱ ሁሉ የሚያርፍበት ላይ። ጨው የሟሟበት ውሃ በብረቱ ሆድ ገብቶ ከውስጥ በልቶታል። እሱ ተቆርጦ ወፍራም ላሜራ ሊበየድበት፣ ከዚያ ዝገት የሚከላከለው ቀዩ አንቲረስት ሊቀባ፣ ቀለም መጨረሻ ላይ ሊመጣ ነበር ሐሳቤ።

አንቲረስቱ እኛ ከተማ አልቆ ባሕር ዳር ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ሻንሲው ጠቁሮ ያበራል። አጎቴ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልተው፣ ብረቱን ከነዝገቱ ቀብተውታል። የብሩሹ ፀጉር እዚህም እዚያም ቀለሙ ላይ ተጣብቋል። መስቀሎቼ የሉም።

«መቃብር አስመስለኸው ነበር» አሉ አሁን። «ሰው ቢያይ ምን ይላል? ሸፈንኩልህ። አመስግነኝ እንጂ!»

«መሸፈኑንስ ሸፍነውታል። አልዳነም እንጂ።»

«ስማ! ለዳግማይ ትንሣኤ የአንበሳሜውን ሰርግ ላጓጉዝ ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቻለሁ። ነገ ቦዲው ይገጠማል።»

«ጨው ቢሆን ዝም እል ይሆናል። አንቱ የሚጭኑት ሰርገኛ ነው። ሰርገኛ መች አርፎ ይቀመጣል? ከበሮውን እየደለቀ፣ እየዘለለ ነው የሚሄደው።»

«ሃያ ዓመት ስነዳት አንድ ቀን ጥላኝ ታውቃለች?»

«ያኔ አልተበላችም ነበር።»

«ገጣሚው! ይሄ ብረት ነው፣ ብረት! አንተ የምታውቀው ቤት መምታት ነው።»

ግጥም እንደምጽፍ የሰማ የከተማችን ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይቺን ይወረውርብኛል። እውነት ነው፣ ግጥሙንም ብረቱንም ማንም አላስተማረኝም። ግን ቤት ስለመታ ብቻ ያስቀረሁት ውሸታም ስንኝ የለኝም፤ በልጅነቴም ቢሆን ሰርዤዋለሁ። መፋቄን ቀጠልኩ።

እናቴ ከቅዳሴ የተመለሰችው በዚህ መሀል ነው። ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።

«ጩኸታችሁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ጾም አይደለም እንዴ?»

«ልጅሽ ነው! በስተርጅና ሊያዋርደኝ ነው።»

እናቴ ወደ ሻንሲው ቀረበች። ጎንበስ ብላ፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣ ሻንሲውን ከፊት ጀምራ በያዘችው የቤት ቁልፍ ታንኳኳው ጀመር፤ ገበያ ላይ ገንቦ ስትመርጥ እንደምታደርገው። ብረቱ ጥርት ያለ ድምፅ ይመልስላታል። አንድ እርምጃ ትሄድና ደግሞ ታንኳኳለች።

አጎቴ ሳቁ። «አንቺ ደግሞ ገንቦ አደረግሽው?»

ከኋላ ስትደርስ ድምፁ ታፈነ። ደግማ መታችው። መስቀሉ የት እንደነበረ አልነገርኳትም።

«ገንቦማ ቢሆን» አለች ቀና ብላ፣ «የሚያፈሰው ውሃ ነው።»

ካቻቢቴውን አነሳሁና እሷ የመታችበት ላይ ተጫንኩት። ስቱኮው ተሰነጠቀ፤ ቀጥሎ ብረቱም እሺ አለ፣ እስከ እጀታው ድረስ። ስስበው ቡናማ ዱቄት መሬት ላይ ተራገፈ።

አጎቴ ዱቄቱን አዩት። በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው በተኑት።

«ነገ ቦዲው ይገጠማል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወርዷል።

«እኔ እያለሁ አይገጠምም።»

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የአንቱ።»

«እንግዲያው ሹፌርነቱን እርሳው!»

ይህን እንደሚሉ ቀለሙን መፋቅ ስጀምር አውቄዋለሁ። ከባሕር ዳር ስመለስ እንኳ መንገዱን ሙሉ የሚኒባሱን ሹፌር እጅ እያየሁ ነበር የመጣሁት፤ ኩርባ ላይ መሪውን እንዴት እንደሚለቅና እንደሚይዝ።

«ረሳሁት» አልኩ። «ሌላ ሹፌር ይፈልጉ። ሻንሲው ግን ሳይበየድ ከዚህ ግንድ ላይ አይወርድም።»

ወደ በረንዳው ሄዱ። ከመኪናዋ የፈታሁት ዕቃ ሁሉ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተደርድሮ ነበር። ከመሀሉ መሪውን አነሱ። ከሁሉ አስቀድሜ ያጸዳሁት እሱን ነበር። ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ በሩ አመሩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እህል ሳይቀምሱ?» አለች እናቴ።

«መሪ የሌላት መኪና የትም አትሄድም» አሉ፣ ሳይዞሩ።

«አትሂዳ!» አልኩ።

የቆርቆሮው በር ጓ ብሎ ተዘጋ።