ተባርኮ ያለቀው ኪኒን

እትዬ ገለቴን የማያውቅ ሰው ላሊበላ ውስጥ ካለ እንግዳ ነው። እሳቸው ሰው ካላጎረሱ አንጀታቸው አይርስም። ቆሎም ትሁን ሎሚ፣ እጃቸው የገባች ነገር ጎረቤት ሳይቀምሳት ከጉሮሯቸው አትወርድም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

እኔ ከዶክተር ቢተው ክሊኒክ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት አለኝ። ይህ ሐኪም ርካሽ መድኃኒት እያለ ውድ አይጽፍም፤ ለእኔ ገበያ የማይበጅ ሰው፣ እግዜር ይይለት! ለእትዬ ገለቴ ደም ግፊትም ከመደርደሪያዬ ሁሉ ርካሹን አዘዘ። በወሩ ቢለካቸው ግፊታቸው ንቅንቅ አላለም። መድኃኒቱን ጨርሰው እንደሆነ ጠየቃቸው። ተባርኮ አለቀ አሉት፤ ከአፋቸው ደግሞ ውሸት አይወጣም። እሱም ወደድ ያለውን አዘዘ። ያም ተባርኮ አለቀ፣ ግፊቱ ግን ጭራሽ ባሰ። ዶክተሩ አንድ ቀን ወድቀው ይቀሩብኛል ብሎ ፈራና ከሁሉ ውዱን ጻፈላቸው።

ወረቀቱን ይዘው መጡ። ዋጋውን ስነግራቸው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። ያለቻቸው አንዲት ያረገዘች በግ ናት፤ እሷን ለቅዳሜ ገበያ ላወጣት ነው አሉ፣ እንባቸው ቅርር ብሎ። ነጋዴ ብሆንም ሆዴ ባባ። እስከ ቅዳሜ እንዲቆዩበት ከሁለተኛው መድኃኒት ጥቂት ፍሬ በነጻ ሰጠኋቸው።

በመሃል የሚካኤል ማኅበር ተራ የእሳቸው ሆነና ዶክተሩንና እኔን ጠሩን። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ከዚያ እትዬ ገለቴ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን ይዘው ብቅ አሉ። ጨርቁን ሲገልጡት ያ በነጻ የሰጠኋቸው ኪኒን ነው! ከንስሐ አባታቸው ከአባ ሰይፈ ሥላሴ ጀምረው ለማኅበርተኛው አንዳንድ ፍሬ ያድሉ ጀመር። ዶክተሩ ጋ ደረሱ።

«ልጄ፣ አንተም ቅመስ። ብቻዬን ብውጠው ምን በረከት አለው?»

ዶክተሩ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላብጦ አየው። ቀስ ብሎ ያለፉትን ወራት መድኃኒትም እንዲህ አድለውት እንደሆነ ጠየቃቸው። ታዲያ ምን ነክቶኝ ብቻዬን እሰለቅጠዋለሁ አሉት፣ ደስ ብሏቸው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሱ ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ቢመክራቸው፣ ቢያስረዳቸው፣ በጄ አላሉም፤ ስስት አታስተምረኝ አሉት። ሲቸግረው ወደ አባ ጎንበስ ብሎ ነገሩን በጆሯቸው ነገራቸው። አባ መስቀላቸውን አወጡ።

«ገለቴ፣ ቀኖና ሰጥቼሻለሁ። ከዚህ ኪኒን ለማንም እንዳትሰጪ። ብቻሽን ብዪ።»

እትዬ ገለቴ አነቡ። እንዲህ ያለ ከባድ ቀኖና ተሰጥቷቸው አያውቅም።

ዶክተሩ በማግሥቱ ኪኒን የቀመሰውን ማኅበርተኛ ሁሉ ጠርቶ ግፊቱን ለካ። ውዱን ወረቀት ቀደደና እትዬ ገለቴን ወደ መጀመሪያው ርካሽ መድኃኒት መለሳቸው። በጓ ገበያ ሳትወጣ ቀረች፤ እኔም ውዱን መድኃኒት ታቅፌ ቀረሁ።

በወሩ ግፊታቸው ወረደ። በጓም ወለደች። ይህንኑ ሊያበሥሩኝ መጡና ሰው እንዳይሰማቸው ግራ ቀኙን ቃኝተው ጠጋ አሉኝ።

«በሬን ዘግቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምውጠው» አሉኝ። «በዕድሜዬ ከሰው ደብቄ የበላሁት እሱን ብቻ ነው። እሱው አዳነኝ፤ ምን ይባላል?»