የጨረቃዋ አንድ ዓይን

በንጉሡ ዘመን የልጆቼ አባት በእስቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። አቡጀዲ ላይ ይሥላል፤ የደብሩ አለቃ አይተው ከወደዱት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ለድካሙም የዓመት እህላችን ይሰፈርለታል። ካልወደዱት ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሥዕል ሊያልቅ ሲቃረብ እኔ ጎተራ ውስጥ የቀረውን እየሰፈርሁ አያለሁ።

ያን ዓመት ስቅለትን ጀምሮ ሳለ ሲኒማ የሚያሳይ መኪና ወደ ከተማችን መካነ ኢየሱስ መጣ። ሲመሽ ገበያው ሜዳ ላይ እሱ የሚሥልበትን ዓይነት አቡጀዲ ወጠሩና ሰዎች በብረት በርሜል ተዘግተው ወደ ጨረቃ ሲበሩ አሳዩን። እኔ ልጆቹ በግርግሩ እንዳይጠፉብኝ የነጠላዬን ጫፍ አስጨብጬ ስቆጣጠር ግማሹን እንኳ አላየሁም። እሱ ግን ዓይኑን አልነቀለም። ጨረቃዋ በአንድ ጎኗ በርታ፣ በሌላው ጠቁራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ደጅ እየቆመ ሰማይ ያያል።

"እውነታቸውን ነው፤ ፀሐይ የምትነካት ባንድ ወገን ነው" አለኝ።

እኔም ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ በሎሚና በኩራዝ አሳይተውናል። "ቢሆንም ስቅለቱ ላይ እንደ ድሮዋ ሣላት፤ ልጆች አሉን" አልሁት።

"ምን አደርጋታለሁ? ያችው ጨረቃ ናት።"

በስቅለት ሥዕል ከመስቀሉ በላይ የሰው ፊት ያላት ጨረቃ ትሣላለች፤ እሱ ግን የፊቷን ግማሽ አበራና ግማሹን በጥቁር ሸፈነው።

አለቃው መጥተው አቡጀዲው ፊት ብዙ ቆሙ። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው፤ በአንድ ዓይን የሚሣሉ ሰይጣንና ጌታን የሰቀሉት ናቸው።

"ጨረቃ ምን በደለችህ? ከሰቃዮቹ ጋር ደመርሃት!"

"አለቃ፣ ሌላው ዓይኗ አለ፤ ጨለማው ውስጥ ነው።"

"ላንተ ይታይሃል?"

"ይታየኛል።"

"ምእመኑስ? ጧፍ አብርቶ ይፈልገው?" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ አንቺ ልጄ ተናገሪ። ሁለተኛው ይታይሻል?"

አየሁ። ጥቁር ቀለም ነው። ይታየኛል ብል ካህን ፊት መዋሸቴ ነው፤ አይታየኝም ብል በባሌ ላይ መፍረዴ ነው። ትንሿ ልጄ ቀሚሴን ይዛ "እማዬ፣ እማዬ" ትላለች፤ እጇን ይዤ ወደ እሷ ጎንበስ አልሁ።

"አለቃ፣ እሷን ይተዉልኝ" አለ የልጆቼ አባት።

ነጩን ቀለም አነሣና በጨለማው መካከል ክብ ዓይን ሣለ። ብሌኑንም አገባበት።

"አሁን አየች" ብለው አለቃው ወጡ።

እህላችን እንደማይቀር ገባኝ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ብሩሹን ያጥባል፤ ውኃው ከጠራም በኋላ ያጥባል።