የእህቴ የማለዳ ባልዲ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ የሞተባት ልጃቸው ጥርስ ሳያወጣ ነው፤ እሷም የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አስጠግታ አርባ ዓመት የሰው ልብስ ስታሳጥርና ስታሰፋ ኖረች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነኝ። የመኪናዋ ድምፅ ሲቆም እራት እንደ ደረሰ አውቅ ነበር።

ያ አንድ ልጇ አድጎ ውሃ ቢሮ ተቀጠረ። ከደጇ ጉድጓድ ውስጥ አሮጌውን የውሃ ቆጣሪ ነቅሎ አዲሱን የተከለላትም ራሱ ነው። ጉልበቱ ጭቃ እንደ ሆነ ሲያስረዳት እኔም ቆሜ ነበር።

«እማ፣ ይኸ እንደ ድሮው ሰው እየዞረ የሚያነበው አይደለም። በራሱ ይናገራል።»

«በምን አፉ?»

«በሬዲዮ። በየሰዓቱ የፈሰሰውን ይመዘግብና በቀን አንዴ የውሃው ማማ ላይ ወዳለው አንቴና ይልከዋል። ከዚያ ዋናው ቢሮ ይገባል።»

«ሽቦ እንኳ የለውም እኮ።»

«ሆዱ ውስጥ ባትሪ አለ። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ለመላክ ብቻ ስለሚነቃ አንዱ ባትሪ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይችላል።»

«አንተን መስሎ ተሠርቷላ» አለችው፤ «ለምሳ ብቻ የሚነቃ።»

ብዙም ሳይቆይ ሩቅ ከተማ፣ ወደ ዋናው ቢሮ ተዛወረ። ሥራው ከየሰፈሩ የሚመጣውን ቁጥር በኮምፒውተር መከታተል ሆነ። ሲሰናበታት እያለቀሰች ነበርና እንዲህ አላት፦ «ጧት የቀዳሽውን እኔ በማግስቱ አየዋለሁ። ከቀዳሽ ደህና ነሽ ማለት ነው።»

ይቺ ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ብርድም ይሁን ዝናብ፣ ልክ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ሹራቧን ደርባ ወጥታ አንድ ባልዲ ሙሉ ትቀዳለች። ከዚያ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ሰላም አልኩት» ትለኛለች። ጉንፋን የጣላት ጊዜ እንኳ፣ «አንቺ፣ ሂጂና ሰላም በዪልኝ» ብላ እኔን ላከችኝ።

«እትዬ፣ እኔ ስቀዳ አንቺ አለመሆንሽን ቢያውቅስ?»

«እስከ አፉ ሙዪው። እኔ ጎዶሎ አልቀዳም።»

ልጁ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ በኋላ በየወሩ፣ ከዚያም ሲመቸው። እሷ አላጉረመረመችም። «ምን ያስደውለዋል? በየቀኑ ያየኝ የለ» ትላለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ክረምት ሲገባ አሸዋ የጫነ መኪና የጉድጓዱን ፕላስቲክ ክዳን ረግጦ ሰባበረው። ቆጣሪው ጎርፍ እንዳይገባበት ብዬ ከአሮጌ በር የተረፈኝን ላሜራ አምጥቼ ከደንኩት፣ ድንጋይም ጫንኩበት። እህቴ መረቀችኝ። ላሜራው በቆየበት ስምንት ወር ልጁ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሦስቴም «ዛሬም አይቼሻለሁ እማ፣ በጧት ነው የተነሳሽው» አላት። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷን ብታዩት፣ ሙሽራ ትመስል ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ የቢሮው ጠጋኝ መጣ። ላሜራውን አነሳና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኸን ማን ጫነው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«እናቴ፣ ክዳኑ ፕላስቲክ የሆነው ያለ ነገር መሰለዎ? የሚልከው ነገር በብረት አያልፍም። መልስ ሲያጣ ጉልበት ጨምሮ ይልካል፤ አሁንም ሲያጣ ደግሞ ይልካል። እኔ ሦስቴ ደውዬ ካልተነሳልኝ ስልኩን እወረውራለሁ። ይኸ ምስኪን ግን ባትሪው እስኪያልቅ ጮኸ።»

እህቴ ባልዲዋን እንደ ያዘች ጠጋ አለች። «የላከው መድረስ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው?»

ወረቀቱን ገለጥ አደረገ። «ስምንት ወር። ከዚያ ወዲህ ቢሮ የገባ ቁጥር የለም፤ ሂሳቡም በግምት ነው ሲሠራ የነበረው።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ፣ እናቴ።»

ሦስቱ ስልኮች ትዝ አሉኝ። ፊቷን ማየት ፈራሁ። ጠጋኙ አዲስ ቆጣሪ ተክሎ፣ አዲስ ክዳን ገጥሞ ሄደ።

«እንዳትሰጊ ብሎ ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል» አለች።

በማግስቱ ግን ቧንቧዋን አልከፈተችም። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ጀሪካን ይዛ ከኔ ቤት ስትቀዳ ነገሩ ገባኝ። አዲሱ ቆጣሪ ጤነኛ ነው፣ በየቀኑ ዜሮ ይልካል። ያንን ያየ ልጅ እናቴ ምን ሆነች ብሎ መደንገጡ አይቀርም።

በሰባተኛው ቀን እኔ እቤቷ ተቀምጬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ለማንሳት ስትጣደፍ ወንበሩን ጣለችው። ጆሮዋ ስለ ደከመ ድምፁን ከፍታ ነው የምታወራው፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«ደህና ነሽ እማ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ምነው፣ ምን አስደወለህ?»

«ምንም። እንዲያው ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። ዛሬም አይቼሻለሁ፤ በጧት ነው የተነሳሽው።»

የወደቀውን ወንበር በእግሯ ነካ ነካ አደረገች።

«አዎ ልጄ» አለችው። «ሥራ አታብዛ። በጊዜ ብላ።»

ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ወደኔ ዞረች። «እንዳትነግሪው። ካወቀ አፍሮ መደወሉንም ይተዋል።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች። ቧንቧዋን የምትከፍተው ውሃ ስትፈልግ ብቻ ሆነ፤ አንዳንድ ቀን እስከ አራት ሰዓት መጋረጃዋ አይገለጥም ነበር።

ልጁ ለቀብሯ መጣ። ቆጣሪው አጠገብ ቆሞ፣ «አክስቴ፣ እስከ መጨረሻው በጧት ትነሳ ነበር አይደል?» አለኝ።

አደራዋ አለብኝና «አዎ» አልኩት።

ላሜራው ዛሬም ከአጥሬ ጥግ ዝጎ ቆሟል። ያኔ ጉድጓዱን እንደ ተከፈተ ብተወው ኖሮ፣ እህቴ በየማለዳው ሰላም እያለችው ትሞት ነበር።