ከፊት ወንበር ሌላ የማይቀመጡት ሴት

ፈረስ መጋላ ላይ የባጃጅ ሾፌሮች እየተሻሙ ሲጠሯቸው፣ ሴትየዋ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። የሚጠብቁት የአንዋርን አሮጌ ፔጆ ታክሲ ነው። አንዋር ስማቸውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ነጭ ነጠላቸውን፣ የወንድ የሚመስለውን ጥቁር ጫማቸውንና ከፊት ወንበር ሌላ እንደማይቀመጡ ነው። የፔጆዋ በር ትንሽ ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። እሳቸው ግን ገና የመጀመሪያ ቀን ማንም ሳይነግራቸው ከፍ አድርገው ነበር የዘጉት።

ዛሬ ወደ አቦከር ሲሄዱ ዳገቱ ላይ አንዋር ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮን ረገጠ። ወደ ጎን አየት ሲያደርግ የሴትየዋም ግራ እግር ወለሉን ረግጧል። እንደገና ቀየረ፤ እሳቸውም እንደገና ረገጡ። ሳቁ አመለጠው።

«እማማ፣ ለካ መንዳት ይችላሉ!»

እንደ ልጃገረድ አፈሩና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «አባባም እንደዚህ ያለች ፔጆ ነበረቻቸው። ቀትር ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው ቁልፏን ከኮታቸው ኪስ እወስድ ነበር።»

«ወላሂ! አባትዎ ሰምተውም አያውቁ?»

ሴትየዋ ሽበታቸውን ወደ ነጠላው ከተት አድርገው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አኖሩ።

«እስከ ዛሬ አልሰሙም። አንተም ሞተሩን አታስጩኸው።»