ሠላሳ ሰባተኛዋ ጉርሻ

ፈረንጅ አገር፣ ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ፍቅረ ሥላሴ ሳሎን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ቡፌ ነበር። ባለቤቱ አፀደ የሠርጓን ሰሃኖች ደርድራበት ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱን የምትወለውለው ቡፌ። አሁን ምድር ቤት፣ ፎሮድ በሚሉት የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከአሮጌ ጎማዎች ጋር ተቆልፎበታል። በቦታው ሦስት መቶ ሊትር የጨው ውሃ የያዘ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ቆሟል።

አፀደ የፈቀደችው በውል ነው።

«አንድ ዓሣ ከሞተ ቡፌዬ ይመለሳል» አለች። «አንድ። ሁለተኛውን አልጠብቅም።»

ፍቅረ ሥላሴ ተስማማ። ዮርድብሩ ያለ መጋዘን ውስጥ ትሩክ የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ የተቆለለበት ፓሌት ሲያነሳ ሲያወርድ አንድ አልጣለም። ዓሣ ደግሞ ከፓሌት ይቀላል።

ገንዳውን የሰጠው አብሮት የሚሠራው ቶሚ ነው፤ ወደ ጠባብ ቤት ሲዛወር። ከገንዳው ጋር ምክርም ሰጥቶታል። መጀመሪያ ጨውና ድንጋይ ብቻ፤ ዓሣ የለም። ድንጋዩ ላይ ዓይን የማያያቸው ተህዋስያን ይራባሉ፤ የዓሣውን ቆሻሻ ወደፊት የሚበሉት እነሱ ናቸው። እስኪራቡ ስድስት ሳምንት።

«ቸኩሎ ዓሣ የሚያስገባ ሰው የሚገዛው ሬሳ ነው» አለው ቶሚ። «ከገቡ በኋላም በቀን አንድ ቁንጥር። በረሃብ የሞተ ዓሣ አላየሁም፤ በጥጋብ የሞተ ግን ስንቱን ቀብሬያለሁ።»

በአራተኛው ሳምንት ከሁለተኛ ፎቅ እትዬ አክበረት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊሉ መጡ። ገንዳው ፊት ቆመው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ዓሣው የታለ?»

«ገና ነው እትዬ። ውሃው መብሰል አለበት።»

«ዓሣው ሳይገባ?»

«ሳይገባ።»

እትዬ አክበረት ሲወጡ አፀደን በሩ ላይ ያዟት። «ባልሽን ሐኪም አሳዪው» አሏት ቀስ ብለው። «ድንጋይ በጨው እየቀቀለ ነው።»

በሰባተኛው ሳምንት ዓሦቹ ገቡ። ሁለቱ ብርቱካናማ ናቸው፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ። ሦስተኛው ቢጫ ነው፤ ድንጋይ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ጭንቅላቱን ብቻ ብቅ ያደርጋል፣ ልክ ደጁ ላይ ቆሞ ሰፈር እንደሚቃኝ ጡረተኛ። ፍቅረ ሥላሴ በቀን አንዴ በወረንጦ ቁንጥር ይሰጣቸዋል። በየሳምንቱ ከውሃው ቀድቶ በመመርመሪያ ጠብታ ይለካል፤ ቀለሙ ቢጫ ከሆነ ሰላም ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ። ሻወር ውስጥ ለቅያሪ የሚሆን አንድ በርሜል ጨው ውሃ ስለተቀመጠ አፀደ ገላዋን የምትታጠበው በርሜል አቅፋ ነው። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። ማንም አልሞተም።

ከዚያ የሚካኤል ማኅበር ተራ ደረሳቸው።

እሑድ አሥራ ሁለት ሰው መጣ። ወንበር አነሰ፤ ፍቅረ ሥላሴ ታጣፊ ወንበሮቹን ሊያመጣ ፎሮድ ወረደ። ክትፎው ቀረበ። ሁለቱ ብርቱካናማዎች መስታወቱ ጋ መጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። እትዬ አክበረት ጠቅልለው ያነሱትን መለሱት።

«እኔ እንዲህ እያዩኝ አይወርድልኝም» አሉ። «የት ነው ያደግነው?»

ተነሡና የገንዳውን ክዳን ከፍተው ትንሽ ክትፎ ጣሉ። ሰው በአንድ አይቆምም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል። ሦስት ሰጡ። እሳቸው ሰጥተው ሌላው ዝም ቢል ነውር ነው። ተራ በተራ ተነሡ።

ፍቅረ ሥላሴ አራት ወንበር ታቅፎ ሲገባ ከእንግዶቹ አንዱ፣ የመንገድ መሐንዲሱ ዶክተር ዓምደ ሚካኤል፣ እጁ ገንዳው ውስጥ ነው።

«ስንት ሰው አጎረሰ?» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«ሁላችንም» አለ ዶክተሩ እጁን እየጠረገ። «ሦስት ሦስት። ሠላሳ ስድስት።»

ውሃው ላይ ቅቤ ተንሳፍፏል። አረፋ እያወጣ ቆሻሻ የሚያነሳው ማሽን ቅቤው ሲደርሰው ዝም ብሏል። አፀደ ኩሽና በር ላይ ቆማ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከትታለች።

ፍቅረ ሥላሴ ማንንም አልተቆጣም፤ እንግዳ አይቆጡም። ወንበሮቹን አስቀምጦ ሥራ አደለ። ሴቶቹ ቅቤውን በኩሽና ወረቀት ከላይ ከላይ እየመጠጡ ያነሳሉ። ዶክተሩ ወድቆ የቀረውን ክትፎ በመረብ ይለቅማል። የቀሩት ከሻወር እስከ ሳሎን ተሰልፈው ባልዲ ይቀባበላሉ፤ መቶ ሊትር ይወጣል፣ መቶ ይገባል።

የመጀመሪያው ባልዲ ሲደርስ እትዬ አክበረት ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

«ጨው ይቀረዋል።»

«እትዬ፣ ይሄ በመሣሪያ ነው የሚለካው።»

«ለካዋ።»

ለካ። ሠላሳ አምስት መሆን የነበረበት ሠላሳ ላይ ነው። ጨው ጨመረ። እሳቸውም ደግመው ቀመሱና ባልዲውን አሳለፉ።

ማታ ሲለካ ጠብታው አረንጓዴ ነው። ሰኞም ውሃ ቀየረ፤ አረንጓዴው ፈዘዘ። ማክሰኞ ጠዋት ቢጫ ሆነ። ሁለቱ ብርቱካናማዎች ምንም እንዳልተፈጠረ አፋቸውን ይከፍታሉ። ቢጫው ዓሣ ግን ከእሑድ ወዲህ አልታየም። በባትሪ መብራት ጉድጓዱን አየ። ባዶ ነው።

ሊደብቀው ይችል ነበር፤ ያው የሚደበቅ ዓሣ ነው። ውል ግን ውል ነው።

«ቢጫው የለም» አላት።

አፀደ አንገቷን ደፋች። እሱም መጋዘን ውስጥ ከባድ ዕቃ ሲያነሳ የሚጠቀምበትን ቀበቶ ይዞ ምድር ቤት ወረደ። ቡፌውን ከጎማዎቹ መሐል አወጣው፣ አቧራውን ጠረገ፣ እያዘነበለ ሊፍት ውስጥ ከተተው። አምስተኛ ፎቅ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ቡፌውን ከሊፍቱ ግማሽ ድረስ አውጥቶ የቤቱን በር ከፈተ።

አፀደ ገንዳው ፊት ወንበር ስባ ተቀምጣለች። በእጇ ወረንጦውን ይዛለች።

«ኮቴህን ቀስ አድርግ» አለች። «እየወጣ ነው።»

ከግራ በኩል፣ ከሌላ አዲስ ጉድጓድ፣ ቢጫ ጭንቅላት ብቅ ብሎ ሰፈሩን ይቃኛል።

«መቼ አየሽው?»

«ትናንት።»

«ትናንት? ታዲያ ቡፌውን ሳወጣ ዝም ትያለሽ?»

«ናፍቆኝ ነበር። አንዴ ልየው ብዬ ነው።» ዞር ብላ በበሩ ቡፌውን አየችው። «በቃ አየሁት። መልሰው።»

ፍቅረ ሥላሴ ላቡን ጠረገ። አፀደ አልጨረሰችም።

«እሑድ ቢጫውን እኔም አጉርሼዋለሁ» አለች። «አንድ ብቻ። ስትገባ ደንግጬ ተውኩት።»

ፍቅረ ሥላሴ አሰበ። ሠላሳ ሰባት ማለት ነው።

«አንድ ያጣላል» አለ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ሁለት ይቀረኛል።»

የዓሣውን ምግብ አነሳና ቁንጥር አድርጎ ሰጣት። «ዛሬ አንድ» አለ፤ «ነገ አንድ።»

ሊፍቱ ቡፌው ላይ በሩን ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል።