በአቶ ወዳጆ ስም የተከፈተው ኮምፒውተር

ሸዋረግ ወደ መሐል ሜዳ ስትመጣ ለአጭር ጊዜ ነው ብላ ነበር። ይኸው ስድስተኛዋን ክረምት ይዛለች። መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የሚባለውን ማሽን ከጎተራ በማትሰፋ ክፍል አስቀምጦ ቁልፉን ለእሷ ሰጥቷታል፤ የሠራተኛው ኮምፒውተር ሁሉ የተያያዘው ከዚሁ ማሽን ጋር ነው። ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ክብር መስሏት ነበር፤ እግር ብረት መሆኑ የገባት ኋላ ነው።

ባሏ አበረ በዓለም ከተማ መምህር ነው። ልጃቸውም እሱ ዘንድ ናት። የመንዝ ብርድ ሳንባዋን ቢያስቸግራት ሐኪሙ ሞቅ ያለ አገር ይሻላታል አለና ልጅቱ ከእናቷ ጉያ ወጣች። ሸዋረግ ልጇን ለማየት ወደ ደብረ ብርሃን ወርዳ፣ ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ፣ አቧራ ለብሳ ትደርሳለች፤ ዓይኗን አይታ ሳትጠግብ ትመለሳለች። ባለፈው ፋሲካ ልጅቱ «አክስቴ» ብላ ጠራቻት። ሸዋረግ ያን ዕለት በመንገዱ ሁሉ ስታለቅስ ተመለሰችና በማግስቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባች።

ፈራሚው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይታየው ነው፤ ስብሰባና ግምገማ ከምሳው አብልጦ የሚወድ ወጣት። ማን ገብቶ እየሠራ እንደሆነ ከሰርቨሩ ላይ ማየት እንደሚቻል አንድ ሥልጠና ላይ ሰምቶ መጣና ሥራው ሁሉ እሱ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሸዋረግን ይጠራና ስሙ ስክሪኑ ላይ የሌለውን ሠራተኛ እንድትነግረው ያደርጋል። ታዲያ በዚህ አገር ከለቅሶ ቀርቶ እንዴት ይኖራል? ከሰው ቀብር የቀረን ሰው ማን ይቀብረዋል? ስለዚህ ቀብር የሚሄድ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ነግሮ ውልቅ ማለት ለመደ። ሰውዬው ከሬሳ ጋር ገደል ሲወርድ ስሙ ቢሮ ቁጭ ብሎ ይሠራል። ሸዋረግ ይህን ታውቃለች፤ እንዲያውም ትተባበራለች።

አንድ ሐሙስ የሒሳብ ክፍሉ አቶ ወዳጆ፣ ጡረታቸው ደጃፋቸው የደረሰ አዛውንት፣ የእህታቸውን ባል ሊቀብሩ ከሞላሌ ማዶ ሄዱ። ሲያልፉ በሸዋረግ በር ብቅ ብለው «ልጄ፣ አደራሽን፣ ክፈቺልኝ» አሏት። በስማቸው ገብታ ኮምፒውተራቸውን ክፍት ተወችላቸው። ከሰዓት በኋላ ከእሷ በቀር ሠራተኛው በሙሉ ስብሰባ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ይታየውን የሚከስ ስም የለሽ አቤቱታ ለበላይ አካል ደረሰ። ይታየው ወሬውን ሰምቶ ሸዋረግን አጠገቡ አስቀምጦ ሰርቨሩን አስበረበራት፤ ጽሑፉ ሠራተኛው ሁሉ ፋይሉን በሚያኖርበት የጋራ ማስቀመጫ ውስጥ ተረስቶ ተገኘ። የተጻፈው ያን ሐሙስ፣ ስብሰባው ሲካሄድ ነው። በዚያ ሰዓት ማን ገብቶ ነበር? ማሽኑ አንድ ስም ብቻ አወጣ፤ ወዳጆ።

ከስብሰባው ሹልክ ያለ አንድ ሰው ክፍት ኮምፒውተር አግኝቶ መጻፉ ለሸዋረግ ገባት፤ ማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ዝም ካለች ሽማግሌው የአቤቱታው ጸሐፊ ተብለው ይባረራሉ። ቀብር ላይ ነበሩ ካለች ደግሞ ሌላ ሰው በስማቸው አስገብተው አታለሉ ተብለው ይባረራሉ። በሁለቱም መንገድ ጡረታቸው ገደል ይገባል።

ይታየው ከመሳቢያው ማመልከቻዋን አወጣና እስክሪብቶ አኖረበት።

«ነገ ግምገማው ላይ ወዳጆ ሲጽፍ አይቻለሁ በይ። እኔ አሁን እፈርማለሁ።»

ወረቀቱን አየችው። ልጇ ታየቻት፤ ይህን ያህል ቀርባት አታውቅም። እጇን ልትዘረጋ ምንም አልቀራት።

«አቶ ወዳጆ ሳያውቁ በስማቸው የገባሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ጽሑፉንስ?»

ማመልከቻዋን ወደ እሱ መልሳ ገፋችው። እንደሚያባርራት ጠብቃ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ተስፋም አድርጋ ነበር። ብትባረር ደሃ ሆና ከልጇ ጋር ትኖራለች። ይታየው ግን ሞኝ አይደለም።

«አንቺን ካባረርኩ ማሽኑን ማን ይይዘዋል? የዲሲፕሊን ክስ ይከፈትብሻል። ክስ ያለበት ሰው ደግሞ አይዛወርም» አላት።

አቶ ወዳጆ በመቅረታቸው ብቻ ተገሥጸው ታለፉ፤ ጊዜያቸው ሲደርስም በክብር ጡረታ ወጡ። በእሳቸው ምክንያት ስለደረሰባት ማንም አልነገራቸውም፤ እሷም አልነገረቻቸው። ክሱ ተከፈተ፤ የሚሰማው ግን ጠፋ። ሥራ ልልቀቅ ብትል ክስ ላለበት ክሊራንስ የሚባለው የመልቀቂያ ወረቀት አይሰጥም አሏት፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ ዓለም ከተማ የሚቀጥራት መሥሪያ ቤት የለም።

ይታየው አድጎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ። በእሱ ቦታ በዕውቀቱ የሚባል ጨዋ ሰው መጣ። ሸዋረግ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችው፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማት፤ ከልቡም አዘነ። ነገር ግን ማስረጃውን የማያውቀውን ክስ ቢዘጋ እሱንም እንደሚያስጠይቀው ነገራትና «አቶ ይታየው አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ወዲያው እፈርማለሁ» አላት።

እዚያው ቢሮ ቆማ ደወለች። ይታየው ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው፤ ድምፁም ደግ ነበር።

«ሸዋዬ፣ እኔ እኮ ሥራውን አስረክቤ ወጥቻለሁ። በሰው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ምን አግብቶኝ እጽፋለሁ?»

አመስግናው ዘጋች። ወደ ክፍሏ ስትመለስ ኔትወርኩ ተቋርጦ ሠራተኛው ቁልፉን ይዛ እስክትመጣ በሯ ላይ ይጠብቃት ነበር።